ያልተረጎምኳቸው ሦስት ስንኞች

ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን የቀረውን ማን እንዳስተማረኝ እንዲታወቅ ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ሆኜ ስሠራ፣ ከማሽኑ ሥር የሚወድቀውን ቁራጭ እየለቀምኩ አነብ ነበር፤ ብዙ መጽሐፍ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ተማርኩ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በቀን ሃያ ቃል። ላስ ቬጋስ ከመጣሁም በኋላ በአንድ ካዚኖ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ፣ በዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያነበብኩትን ያህል ያነበበ ባለዲግሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። እየጠየቅኩ አረጋግጫለሁ።

እሁድ እሁድ ደግሞ ለዜግነት ፈተና የሚቀርቡ ወገኖቼን ሳሎናችን ውስጥ ሰብስቤ በነፃ አስተምር ነበር። ዛሬም ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ያገኙኝ እንደሆነ «ጋሼ፣ የእርስዎ ተማሪ ነኝ» ብለው ዕቃዬን ይሸከማሉ። በእኔ እጅ ካለፉት ውስጥ የወደቀ የለም ብዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። አንድ ሰው ወድቋል፤ እሱን ወደ በኋላ እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር ልጄ ቤት ገባሁ። ልጄ ሄንደርሰን ውስጥ ነርስ ናት፤ ሺፍቷ ረጅም ስለሆነ ቀን ቀን ቤቱን የምንጠብቀው እኔና የልጅ ልጄ ነበርን። የልጅ ልጄ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ የዚያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አማርኛዋ ለምግብና ለሰላምታ ይበቃል። እኔን አንተ ትለኛለች። እናቷ ስንት ጊዜ አርማታለች፤ እኔ ግን ተውኩት፤ ልጅ በሚችለው ቋንቋ ሲጠራ መታረም የለበትም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችና፣

«አባባ፣ ቢዚ ነህ?» አለችኝ።

«ለመጽሐፍ ቢዚ ሆኜ አላውቅም።»

«መጽሐፍ አይደለም። የኢንግሊሽ ኤሴ ነው። ሁለት ቴክስት ኮምፔር ማድረግ አለብኝ። አንዱ ከክላስ ነው፣ አንዱን ከቤት አምጡ ብላለች ቲቸሯ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክፍል ውስጥ የተሰጣቸውን ግጥም አውጥታ አነበበችልኝ። አንዲት ሴት አባቷ ይሞትና የጭነት መኪናውን ልትሸጥ ስታጸዳ ካርታ ታገኛለች። አባትየው በቀይ እስክሪብቶ መንገድ አስምሮበታል፤ አብረን እንሂድ ብሎ እየለመናት እሷ ሥራ አለብኝ እያለች የቀረችበት መንገድ ነው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ራሷን ስትወቅስ ግጥሙ ያልቃል።

«ጥሩ ነው፤ ግን ቤት አይመታም» አልኩ።

«ቤት መምታት የለበትም።»

«ቤት ካልመታ እንዴት በቃልሽ ትይዥዋለሽ?»

«አባባ፣ ስልክ አለኝ እኮ።»

«እሺ፣ ሁለተኛውን አምጪና የትኛው እንደሚበልጥ እንፍረድ።»

ሳቀች። «ፉክክር አይደለም። የትኛው ይበልጣል ብሎ የጻፈ ዜሮ ነው ብላለች። አንተ ደግሞ ለሰው ሁሉ ዋንጫ መስጠት ትወዳለህ።»

እውነቷን ነው፤ እኔ ሁለት ነገር ባየሁ ቁጥር አንዱን አስቀድማለሁ። ወረቀት አወጣችና ሁለት ክብ ሠራች፤ አንዱ ክብ ሌላው ላይ በከፊል ገብቷል። በአንዱ ጎን በዚህኛው ጽሑፍ ብቻ ያለው ይጻፋል፣ በሌላው ጎን በዚያኛው ብቻ ያለው፣ መሐል ላይ የሚጋሩት። መምህርቷ አንድ ነገር አጥብቃ ነግራቸዋለች፤ አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ ኤሴያችሁ ያለው እዚያ ነው ብላለች። እኔ ይህን ሳልማር ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ አልኳት። ሁለተኛው ጽሑፍ የቱ እንደሆነ ገና አልነገረችኝም ነበር።

«የእማማ ልቅሶ ላይ የተቀረጸው ቪዲዮ» አለች። እማማ የምትላት ባለቤቴን ነው። «ያቺ ሴትዮ ስትዘፍን ሁሉም ሰው ያለቅስ ነበር። ማሚ ወደቀች። እኔ ብቻ ቆሜ ነበር፤ ምንም አልገባኝም። ምን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አትዘፍንም፣ ታለቅሳለች ነው የሚባለው» አልኳት። 

ሁለቱ አያትና የልጅ ልጅ በሠላሳ ቃል ያህል ነበር የሚግባቡት። ብዪ፣ ነይ፣ ልብስ ደርቢ። ባለቤቴ እንግሊዝኛ አልሆነላት፣ ልጅቷ አማርኛ አልሆነላት፤ እየተቃቀፉ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። አሁን ልጅቷ አያቷን ልታውቃት የቀራት መንገድ ያ ቪዲዮ ነበር። ማርክ ለማግኘት ብቻ አልነበረም የመረጠችው። ይህን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ፤ አላወቅኩም ብል እዋሻለሁ።

እናቷን ጠይቃት ነበር። ልጄ «እኔ ያንን ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልችልም፣ አባባ ይተርጉሙልሽ፣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም» አለቻት። በዚያ ንግግር ደስ አለኝ።

አልቃሿ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ሆቴል የምትሠራ ሴት ናት፤ ባለቤቴ ክፍል ታጸዳለች፣ እሷ ላውንደሪ ናት። ከተማው ውስጥ ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች። ጥሩ አልቃሽ ዝም ብላ አትነሣም፤ መጀመሪያ ከሴቶቹ መሐል ትቀመጥና የሟችን ኑሮ ትጠይቃለች፣ ከዚያ የሰማችውን ቤት እያስመታች ታወጣዋለች። አገር ቤት ላሉ ዘመዶች እንዲላክ አንድ ወጣት ሁሉንም በስልኩ ቀርጾታል። ልጅቷ ከዚያ ውስጥ ሰው በጣም ያለቀሰበትን ክፍል ቆርጣ ሰጠችኝ፤ አሥራ ሁለት ስንኝ ነው።

በረንዳ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሰማሁት። መጀመሪያው የታወቀ ነው፤

የስንቱን እንግዳ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣
ዛሬ እሷ ተኛች ሳትጨርስ ሥራ።

ይህን በደንብ ተረጎምኩት። ሌሎቹም ደግነቷን፣ ለጎረቤት መድረሷን የሚያነሱ ናቸው። ከዚያ እነዚህ አራቱ መጡ፤

ባሏ ሊቅ ነው አሉ፣ አገር ያስተማረ፤
የሷ ደብተር ብቻ ባዶውን አደረ።
አንድ ቃል አስረዳኝ ብላ ብትለምነው፣
ቆይ እንዳላት ቀረ፤ ቆይ ማለት ስንት ነው?

በልቅሶው ዕለትም ሰምቼዋለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቶታል። ያን ዕለት ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነበርና ያለቀስኩ መሰላቸው።

የዚህን ግጥም ነገር እንዳለ ልንገር። ዲቪው የወጣው በእሷ ስም ነው። ለሰው ስናገር ግን «ዲቪ ደረሰን» እል ነበር። እዚህ እንደመጣን ሆቴል ገባች፤ በቀን አሥራ አምስት ክፍል ታጸዳለች፣ ኦቨርታይም ሲመጣ እምቢ አትልም። በአማርኛም ቢሆን ስሟን ከመፈረም አታልፍም ነበር። እሁድ እኔ ሳስተምር ሻይ የምታቀርበው እሷ ናት። የዜግነት ፈተናውን ጥያቄና መልስ ሻይ እያቀረበች በጆሮዋ ያዘችው። ተማሪ ሲደናቀፍ ከወጥ ቤት ሆና መልሱን ትነግረው ነበር፤ ሁላችንም እንስቃለን፤ እኔም «ይቺ የእኔ ረዳት መምህር ናት» እላለሁ። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት።

ፈተናው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብና አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። እሱ በጆሮ አይያዝም። ደብተር ገዝታ መጣች። ሁለት ሦስት ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። እኔ ፈጣን ሰው ነኝ፤ ራሴን ሳስተምር አንድ ነገር ሁለቴ አልጠየቅኩም፣ የምጠይቀውም ሰው አልነበረኝም። አንድ ፊደል አራት ጊዜ ስትጠይቀኝ እስክሪብቶውን ጣልኩና «ቆይ፣ ሌላ ቀን» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩን ይዛ መጣች፤ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ቆይ። በየጊዜው ትመጣ ነበር። ሳትማር ፈተናውን ወሰደች። በቃል የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፤ ጻፊ ስትባል ወደቀች። ሁለተኛ ዕድል ሲሰጣትም እዚያው ላይ ወደቀች። ለሰው «ዜግነቷን መቀየር አልፈለገችም» አልኩ። አጠገቤ ቆማ ስትሰማኝ አንድም ቀን ውሸት ነው አላለችም። ለእኔ ያላለችውን ላውንደሪ ላለችው ጓደኛዋ ነግራታለች።

እንግዲህ ትርጉሙን ጻፍኩ። «ባሏ ሊቅ ነው አሉ፣ አገር ያስተማረ» የሚለውን አልነካሁትም። ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ትቼ፣ በባሏ መብራት ሥር ጨለማ ሳታይ ኖረች የሚል እንግሊዝኛ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለቱን ዘለልኳቸው። ስፌቱ አይታይም ነበር። እንግሊዝኛው ቤት ይመታ ነበር፤ በሰው ቋንቋ ቤት ማስመታት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ሥራ ነው እላለሁ። ለልጅቷ ብዬ ነው፣ የአያቷን ሐዘን እንዳትሸከም ብዬ ነው አልኩ ለራሴ።

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ቪዲዮውን ከወረቀቱ ጋር እያስተያየች ተቀምጣ፣

«አባባ፣ እዚህ ጋ ሰዎቹ በጣም ጮኹ። አንተ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም» አለችኝ።

«ደግማው ነው። አልቃሽ ትደግማለች።»

«ቃሉ ግን ሌላ ይመስላል።»

«ዜማው ነው የሚለወጠው።»

«ኦኬ።» ጻፈችው። ጥቂት አሰብ አደረገችና እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ «በሙሉ ስትዘፍን፣ ይቅርታ፣ ስታለቅስ፣ ማንንም ብሌም አላደረገችም? አንድ ሰው እማማን ሀርት ያደረገ የለም?» አለች።

«የለም» አልኳት። «እኛ ልቅሶ ላይ ሰው አንወቅስም።»

ኤሴዋን የሠራችው በዚህች መልስ ላይ ነው። በአሜሪካኑ ግጥም ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀምጣ ራሷን ትወቅሳለች፤ የእኛ ሙሾ ግን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ማንንም ሳይወቅስ ያመሰግናል፤ አንደኛው ሐዘን ጥፋትን ይቆጥራል፣ ሌላው ጥፋትን ይሸፍናል አለች። መምህርቷ ረቂቁን አይታ ዳር ላይ ትልቅ ሰው የጻፈው ይመስላል ብላ ጽፋበታለች። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣችና አቀፈችኝ። «አባባ፣ አንተ ባትኖር አልችልም ነበር» አለች። ያ ድምዳሜ ያማረ ነበር። እኔ በቦጨቅኩት ቀዳዳ ላይ ነበር የቆመው።

ኤሴው ዓርብ ከመሰጠቱ በፊት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወላጆች ተጠርተው ተማሪዎቹ ሥራቸውን አቀረቡ። ልጄ ሺፍቷን ቀይራ መጣች። ጎን ለጎን ተቀመጥን። የልጅ ልጄ ተራዋ ደርሶ ቆመች፤ ቪዲዮውን ከፈተች፤ የእኔን እንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ አበራችው። አልቃሿ ጀመረች። በዚያ ክፍል ውስጥ ቃሉን የምንሰማው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሌላው ዜማውን ነበር የሚሰማው። «የሷ ደብተር ብቻ» ስትል ልጄ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። አንብባ ጨረሰች። ከዚያ እኔን አላየችኝም፤ እጇን ከክንዴ ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ላይ አደረገች።

ጭብጨባው ብዙ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ አባት ተርጓሚው እኔ መሆኔን ሰምቶ እጄን ጨበጠ። ጨበጥኩት።

ልጅቷ ዕቃዋን እስክትሰበስብ እኔና ልጄ ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ ጠበቅናት። ኤሲው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

«አባዬ» አለች ልጄ መሪውን እንደያዘች። «እኔም እኮ ልቅሶው ላይ ነበርኩ።»

«ልጅቷ እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

«‹ባሏ ሊቅ ነው› የሚለውን ግን አልዘለሉትም።»

ቀበቶዬን አሰርኩ። 

«ያንን ደብተር እንኳ ያውቁታል የት እንዳለ?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ገጽ ተጽፎበታል፤ የቀረው ነጭ ነው። ልብሷን ስንሰጥ አብሮ ሄደ። ጣሉት ይሁን ጻፉበት አላውቅም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ራሴ ላስተምራት እችል ነበር፤ ኮሌጅ ነበርኩ፣ ጊዜ የለኝም አልኩ። አባዬ አሉ ብዬ ተውኩት። እኔን የሸፈኑኝ እንዳይመስልዎት። ኤሴውን ዓርብ ነው የምታስረክበው። እርስዎ ይንገሯት። እኔ ከነገርኳት ሌላ ነገር ይሆናል።»

ልጅቷ እየሳቀች መጥታ ከኋላ ገባች። «ሃው ዋስ ኢት? ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር የኔ ልጅ» አለች እናቷ፤ መኪናውን አስነሣች።

በማግሥቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ገብታ ፍሪጅ ስትከፍት «ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ» አልኳት። አራቱን ስንኞች በቃሌ አልኳቸው። አልገባትም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አቀረበችና ቃል በቃል ትጠይቀኝ ጀመር።

«‹ባዶውን› ምንድን ነው?»

ነገርኳት።

«‹አደረ›?»

«ሌሊቱን አሳለፈ።»

«ደብተር ሌሊት ያሳልፋል?»

«በግጥም ያሳልፋል።»

እየጻፈች ሄደች። አራተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። 

«ሰውዬው አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው ቆይ ያልካት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ሰንዴይ ክላስ ነበረህ አይደል? ማሚ ነግራኛለች፣ ብዙ ሰው ይመጣ ነበር። ለምን እዚያ አልተቀመጠችም?»

«ሻይ ታቀርብ ነበር» አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት።

«እና እዚህ ተቀምጬ ስጠይቅህ የለም አልከኝ።»

«አልኩሽ።»

ትጮህ ይሆናል፣ ታለቅሳለች፣ ወረቀቱን ትቀድዳለች ብዬ ነበር። አንዱንም አላደረገችም። ክቦቹን የሠራችበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና ከአዲሱ ወረቀት ጎን አስቀመጠችው። «እማማን አወቅኳት ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የጻፍኩት ግን አንተን ነው።»

ለመምህርቷ ያን ዕለት ኢሜይል ላከች። እስከ ሰኞ ተሰጣት፤ ላዘገየችበት ማርክ ይቀነሳል ተብሏል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ክፍሌ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ ወትሮ ገብታ አልጋዬ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

«ያንተን ትርጉም እንደ ቴክስት መጠቀም እፈልጋለሁ። ሦስት ክብ ነው አሁን። ግጥሙ፣ ሙሾውና ያንተ። ትፈቅዳለህ?»

ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩትን ነገር አንድ ሰው በቁም ነገር ተቀምጦ እንዲመረምርልኝ ስመኝ ኖሬአለሁ። ለጋዜጣ የላክኳቸው ግጥሞች ነበሩ፤ መልስ አልመጣም። አሁን መጣ።

«ፈቅጃለሁ።»

«ስምህን ላውጣው?»

«ተይው፣ ይኑር። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከማስረከቧ በፊት እንዳርምላት አልሰጠችኝም። ሰኞ ካስረከበች በኋላ ግን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። መዝገበ ቃላት ሳላወጣ አነበብኩት። ተርጓሚው ዝም ያለው ለቀስተኛው በጮኸበት ቦታ ላይ ነው ትላለች። ካርታ ያገኘችው ሴት ቢያንስ ካርታውን አልቀደደችውም ትላለች። ተርጓሚው ሚስቱን ይወድ እንደነበር ግን ከሌሎቹ ስንኞች አተረጓጎም ይታያል፤ እነሱን በጣም ተጠንቅቆ ነው የያዛቸው ትላለች። ይህን ስትጽፍ ልታባብለኝ ፈልጋ ይሁን ወይስ እውነት አይታው፣ አልጠየቅኳትም። ስህተት ፈለግኩ። ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። ሌላ አላገኘሁበትም። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንዲህ መጻፍ አልችልም ነበር፤ አሁንም መቻሌን እንጃ።

ስንት ማርክ እንዳገኘች አልነገረችኝም፤ እናቷ ታውቃለች።

ትምህርቱ ተዘጋ። እሷ ግን ሥራውን አልተወችውም። ቪዲዮው አርባ ደቂቃ ነው፤ ሙሉውን ልትተረጉመው ተነሣች፣ ከእናቷ ጋር። ልጄ ያንን ድምፅ መስማት አልችልም ያለችውን ነገር ለልጇ ብላ ቻለችው። እረፍቷ በሆነ ቀን ጠዋት ፎቅ ላይ በሩን ገርበብ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔ ታች ሳሎን ሆኜ እሰማለሁ። አልቃሿ ትጀምራለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አንዳንዴ ልጄ ታለቅሳለች፤ አንዳንዴ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ባለቤቴ ቀልደኛ ነበረችና አልቃሿ እሱንም አልተወችውም መሰለኝ። ወደ ላይ አልወጣም። አልጠሩኝም።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ደረጃውን ወረደች። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች።

«አባባ፣ ‹ወዘና› ምንድን ነው? ማሚ ታውቀዋለች ግን በእንግሊዝኛ ማለት አልቻለችም።»

ስለዚህ ቃል ብዙ መናገር እችል ነበር። የት የት እንዳነበብኩት፣ ማን እንዴት እንደተጠቀመበት። «ጤነኛ ሰው ፊት ላይ የሚታይ ልምላሜ ነው» አልኳት፤ «እንደሚያበራ ያለ። የደም ግባት።» የሚቀርበውን የእንግሊዝኛ ቃልም ነገርኳት።

ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ።

«እውነት?»

«እውነት።»

ወደ ደረጃው ዞረችና አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ተጣራች።

«ማሚ! እንደሚያበራ ፊት ነው ይላል። ልክ ነው?»

ከላይ የአልቃሿ ድምፅ ተቋረጠ።

«ልክ ነው» አለች ልጄ።

«ኦኬ፣ ታንክ ዩ አባባ» ብላ ወጣች።